የደልፊና መጥፎ ረቂቅ

ደልፊና ፉርታዶ ሰው ፊት ቆሞ ከመናገር ሞትን የምትመርጥ ልጅ ነበረች። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ በጴንጠቆስጤ በዓል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ምንባብ እንድታነብ ተመርጣ ነበር። ወጣች፣ መጽሐፉን ገለጠች፣ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል ከአፏ አልወጣ አለች። ቄሱ ጠበቁ፣ ሕዝቡም ጠበቀ። በመጨረሻ አባቷ አርማንዶ ከኋላ ተነሥቶ፣ እጇን ይዞ አወረዳት። ከተማችን ደግሞ ትንሽ ናት፤ ሰው ወሬ ሲያጣ ያችን ቀን ያነሣታል። "ዲዳዋ የአርማንዶ ልጅ" ይሏት ነበር። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ግን ይሏት ነበር።

ኮቭ ሂል ማለት ሮድ አይላንድ ውስጥ ባሕረ ሰላጤው ዳር የተለጠፈች ከተማ ናት። ግማሹ ሰው አያቶቹ ከአዞረስ ደሴቶች የመጡ ፖርቱጋላዊ ነው፤ ቀሪው ግማሽ ከእነሱ ጋር ተጋብቶ ፖርቱጋላዊ የሆነ። አርማንዶ ኳሆግ የሚባለውን የሚበላ ዛጎል ከባሕሩ ወለል እየቧጠጠ ያወጣል። በትንሽ ጀልባ ብቻውን ይወጣና፣ ረጅም እጀታ ያለውን የብረት መቧጠጫ ወደ ታች ሰድዶ ቀኑን ሙሉ ሲጎትት ይውላል። ትምህርቱን በአሥራ አምስት ዓመቱ ነው የተወው። በዚያ ቤት ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ደልፊና እንደምትጨርስ ግን አንዲት ጥርጣሬ ስላልነበረው፣ ለዲፕሎማዋ መስቀያ ከገና ጀምሮ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ምስማር መትቶ ይጠብቅ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር "የቀረኝ ፍሬሙ ነው" ይላል።

እናቷ ቤት ውስጥ የለችም፤ ሌላ ሰው አግብታ ፍሎሪዳ ከገባች ቆይታለች። አባትና ልጅ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ድሮ የአርማንዶ ታናሽ ወንድም ዠርማኖም አብሯቸው ነበር፤ እሱም ዛጎል አውጪ። ደልፊና ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት፣ በአንድ የጥር ጠዋት፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ወጣ። ጀልባዋ ሞተሯ እየሠራ ባሕሩ ላይ ስትዞር ተገኘች፤ እሱ ግን አልነበረባትም። ሬሳው በሚያዝያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስሙ በስህተት እንኳ አይነሣም፤ አርማንዶም ከቀብሩ ማግሥት እንደ ወትሮው ወደ ሥራው ተመለሰ። ሌላ ምን ያድርግ?

የደልፊና እጅ እንደ ምላሷ አልነበረም። ከትምህርት መልስ ጀልባ ማረፊያው ላይ ትልቁን ዛጎል ከትንሹ ስትለይ፣ ዓረፍተ ነገሩን በጭንቅላቷ ታወጣዋለች፣ ታወርደዋለች፣ ታገላብጠዋለች። ቤት ስትገባ አንዴ ቁጭ ትልና ትጽፈዋለች፤ አለቀ። አሥረኛ ክፍል ሳለች "የማውቀው ቦታ" በሚል ርዕስ ስለ ባሕረ ሰላጤው የጻፈችውን መምህሯ ለክፍሉ አንብባ፣ ኮሪደር ላይ ለጥፋው ነበር። "ባሕሩን እወደዋለሁ፤ እሱ ግን ማንንም አያውቅም" ብሎ ይጀምራል። ጎበዝ ናት፣ ሐሰት የለውም።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ ነው ፖርትፎሊዮ የሚሉት መዓት የመጣው። ፈተና ማለፍ ብቻውን አያስመርቅም ተባለ። ተማሪው የዓመታት ሥራውን አንድ ወፍራም ማኅደር ውስጥ ሰብስቦ፣ ማንበብ እንደሚችል፣ መጻፍ እንደሚችል፣ ሂሳቡንና ሳይንሱን እንደሚያውቅ በገዛ ሥራው ማሳየት አለበት። ከዚያ ኮሚቴ ፊት ይቆምና ይመረመራል። የጽሑፉ ክፍል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ የመጨረሻውን ጽሑፍ ብቻ ማቅረብ አይበቃም። በእጅ የተጻፈው የመጀመሪያ ረቂቅ ከጎኑ ይቀመጥና፣ ምን እንደለወጥክ፣ ለምን እንደለወጥክ ትናገራለህ። መመዘኛው "ዕድገት" ነው የሚለው። መጀመሪያውኑ ያደገ ሰው ምን ያድርግ ብሎ የጠየቀ የለም።

የደልፊና አማካሪ ሚስተር ፔልቲየር የሚባል፣ ወረቀት በቀለም በቀለም ሲለይ የሚውል ደግ ሰው ነበር። በመመረቂያዋ ዓመት፣ በመጋቢት፣ ማኅደሯን ገልጦ አየና ቅንድቡን ሰቀለ።

"ረቂቁ የታለ?"

"የለኝም፣ ሚስተር ፔልቲየር።"

"ጣልሽው?"

"አልጣልኩትም። መጀመሪያውኑ አልነበረም። አንዴ ነው የጻፍኩት።"

"ደልፊና፣ አንዴ ጽፎ እንዲህ የሚወጣለት ሰው የለም።"

ዝም አለች። ዝም ስትል ጥፋተኛ ትመስላለች፤ ይህ ነው ዕዳዋ።

"እኔ አምንሻለሁ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ኮሚቴው ግን አያምንም። ረቂቅ ከሌለ ሰው ጽፎላታል ነው የሚሉት። ዓምና አንዷ እንዲሁ ብላ ቀርባ፣ ጓደኞቿ ጋውን ለብሰው ሲሰለፉ እሷ አጥሩን ተደግፋ ነው ያየችው። ፈልጊው፤ አልጋ ሥር ይኖራል።"

አልጋ ሥር የሌለን ነገር እንዴት አድርጋ ትፈልግ? ከዚያች ቀን ጀምሮ ሳሎን ባለፈች ቁጥር ዓይኗ ምስማሩ ላይ ያርፋል፤ አባቷ ደግሞ ፍሬሙ ቡናማ ይሁን ጥቁር እያለ ያማክራታል።

መላ ያመጣችው ብሪያና ናት። ብሪያና አብራት ያደገች፣ ከክፍሉ ተማሪ መጨረሻ የምትሰለፍ፣ ግን ምንም ነገር የማያስፈራት ልጅ ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ነገሩን ሁሉ ሰማችና ድንች መብላቷን ሳታቋርጥ፣

"ጻፊዋ" አለች።

"ምኑን?"

"ረቂቁን ነዋ። ደደብ ሆነሽ ጻፊው። እኔ በተፈጥሮ እችልበታለሁ፤ አንቺ ልምዱ ስለሌለሽ ትንሽ ይከብድሽ ይሆናል።"

"ማጭበርበር አይደለም እንዴ?"

"ሰው ጎበዝ ለመምሰል ነው የሚያጭበረብረው። ሰነፍ ለመምሰል ያጭበረበረ ሰው ተይዞ ያውቃል? ደግሞ ማንም አያነበውም። መኖሩን አይተው ያልፋሉ።"

ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ይባላል። ደልፊናም እሾኋን ራሷ ልታጥር ተነሣች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አርማንዶ ካርታ ሊጫወት የፖርቱጋሎቹ ክለብ ሄደ። እሷ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ መጥፎ ለመጻፍ ታገለች። አምላኬ፣ እንዴት ከባድ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አልሰበር ይላታል። ሆን ብላ ታጣምመዋለች፣ ተመልሶ ይቀናል። አንድ ቃል ትደግማለች፣ ነጥብ ትዘላለች፣ ትሰርዛለች፤ መልሳ ስታየው ግን መጥፎነቱ እንኳ የተጠና ይመስላል። በመጨረሻ ተናደደችና ማሰቡን ተወችው። ዝም ብዬ ልሞንጭር አለች። እጇ የመጣለትን ጻፈ፤ ሳትቆም፣ ሳታነብ፣ ገጹ እስኪሞላ።

ስትጨርስ መልሳ አላነበበችውም። ምን እንደጻፈች አታውቅም አልልም፤ ታውቃለች። ግን መጥፎ ሆኗል፣ እሷ የፈለገችው እሱን ነው። ያረጀ እንዲመስል ሻይ አፈሰሰችበት፣ በጫማዋ ረገጠችው፣ አጥፋ ዘረጋችው፣ አሥረኛ ክፍል ሳለች የጻፈችው እንዲመስል የዚያን ጊዜ ቀን ጻፈችበት። አባቷ ሲመለስ ወረቀቱ ማኅደር ውስጥ ነበር።

"ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የቀላው?" አላት ኮፍያውን ሰቅሎ።

"ሳጠና ነው።"

"በቃሽ እንግዲህ፤ ጭንቅላትሽ ሳይፈነዳ።"

ሚስተር ፔልቲየር ረቂቁን ሲያይ ከደስታው ብዛት ብድግ አለ። ሻዩን አየ፣ ስርዙን አየ፣ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች በዓይኑ ገረፍ ገረፍ አደረጋቸው። "ይኸውልሽ" አለ፣ "ምን ያህል መጥፎ እንደነበርሽ አየሽ? ይህን ነበር የምልሽ።" ደልፊና ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ስንፍናዋ ተመሰገነች።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር ሙሉ ስጋት ነበር። ማኅደሩ ትምህርት ቤት ተቆልፎበት ስለሚቀመጥ መልሳ ልታወጣው አትችልም። አስተማሪ ኮሪደር ላይ ዘወር ብሎ ካያት ተያዝኩ ትላለች። በድምፅ ማጉያ የሌላ ልጅ ስም ሲጠራ እንኳ ብድግ ትላለች። ብሪያና በበኩሏ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ቀርባ፣ እየሳቀች ገብታ እየሳቀች ወጣች።

"የኔን ረቂቅ አይተው ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? 'ሐቀኛ ነው' አሉኝ።"

"ማን ማን ነበሩ?"

"ምክትል ርዕሰ መምህሩና የሂሳብ አስተማሪው። ከከተማው ሰው ደግሞ አንድ አናጢ። አንቺ ግን ዕድልሽ ጠማማ ነው፤ ያንቺዋ ሚስስ ክሬን ናት አሉ።"

ሚስስ ክሬን ዕድሜ ልካቸውን ፍርድ ቤት የሰው ቃል ሲጽፉ ኖረው ጡረታ የወጡ አሮጊት ናቸው። ውሸት ሰምተው ሰምተው ጆሯቸው የተሳለ ነው ይባላል። በመጋቢት አንድ ልጅ ሲመረምሩ ልጁ ከድንጋጤው የተነሣ ውጭ ወጥቶ አስመልሷል። ደልፊና ይህን ከሰማች በኋላ መተኛቷ ቀረ።

የቀጠሮዋ ዕለት ከሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ተነሥቶ ባሕሩ ነጭ በነጭ ሆነ። አንድም ጀልባ አልወጣም። ጠዋት ወጥ ቤት ስትገባ አባቷ ለቀብር ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ ቆሞ አገኘችው።

"ነፋሱ አሳረፈኝ" አላት። "አብሬሽ እመጣለሁ።"

"ግዴለም አባዬ። ወላጅ መምጣት የለበትም።"

"መምጣት ይችላል ወይስ አይችልም?"

"ይችላል፣ ግን..."

"እንግዲያ ምን ያነታርከናል። ቁርስሽን ብዪ።"

ቁርስ ብሎ ነገር የለም። መኪናው ውስጥ እጆቿን ጭኗ ሥር ደብቃ ሄደች። ማንም አያነበውም፣ ማንም አያነበውም ትላለች በሆዷ፣ እንደ ጸሎት።

ምርመራው በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ሦስቱ ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጠዋል፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩ መሐል፣ የሂሳብ አስተማሪው በግራ፣ ሚስስ ክሬን በቀኝ፣ ምርኩዛቸውን ወንበራቸው ላይ አንጠልጥለው። አርማንዶ ከኋላ፣ የልጆች በሆነች ወንበር ላይ፣ ጉልበቱ አገጩ ጋ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ተቀመጠ። ደልፊና ስትቆም ያቺ የቤተ ክርስቲያን ቀን ተመልሳ የመጣች መሰላት።

ግን ሂሳቡን ጠየቋት፣ መለሰች። የባሕሩ ውሃ በየወሩ ስንት ዲግሪ እንደሚሞቅና ዛጎሉ መቼ እንደሚራባ ያሳየችበትን የሳይንስ ሥራ ጠየቋት፣ መለሰች። ድምፏ ቀጭን ነው፣ ግን ወጣ። የሂሳብ አስተማሪው ፈገግ አለላት። አባቷን ሰረቅ አድርጋ ብታየው፣ ምንም ያልገባው ሰው እንደሚያደርገው በእያንዳንዱ መልስ ራሱን ይነቀንቃል። የቀረው ጽሑፉ ብቻ ነው።

ሚስስ ክሬን መነጽራቸውን አስተካከሉ። ሁለቱን ወረቀቶች ከማኅደሩ አውጥተው ጎን ለጎን ዘረጓቸው። ከዚያ ማንበብ ጀመሩ። ሁለቱንም። ከላይ እስከ ታች።

"የመጨረሻው ጽሑፍሽ 'ባሕሩን እወደዋለሁ፤ እሱ ግን ማንንም አያውቅም' ይላል" አሉ። "ጥሩ አባባል ነው። ረቂቁ ላይ ግን ሌላ ነገር ነው የማነበው። ላንብበው?"

መልስ አልጠበቁም። ዕድሜ ልካቸውን ፍርድ ቤት እንደኖሩበት፣ በደረቁ፣ ቃል ሳይዘሉ አነበቡት።

"'አባቴ ጠዋት ጠዋት ሲወጣ የተኛሁ ይመስለዋል እኔ ግን ተኝቼ አላውቅም ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ እሰማለሁ። ከዛ ዠርማኖ ትዝ ይለኛል። በየቀኑ ዛሬ አይመለስም እላለሁ በየቀኑ። ባሕሩን እጠላዋለሁ አጎቴን በላብኝ አባቴንም ይበላብኛል ማንም ስለሱ አያወራም።'"

ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ደልፊና ለመዞር አልደፈረችም።

"አንዱ ላይ ትጠዪዋለሽ፣ አንዱ ላይ ትወጂዋለሽ" አሉ ሚስስ ክሬን። "የመጣሁት ለመቅጣት አይደለም፤ ማወቅ ስለምፈልግ ነው። ከዚህ ወደዚያ እንዴት ደረስሽ?"

ያጠናችው መልስ ነበራት። ዓረፍተ ነገሮቹን አሳጠርኩ፣ ድግግሞሹን አስወጣሁ፣ የሚል። እሱ አሁን አይሠራም። አባቷ ከኋላ ተቀምጧል። ድንገት፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ፍጹም የሆነ ውሸት አፏ ላይ መጣ።

"ያኔ ልጅ ነበርኩ" አለች። "እፈራ ነበር። ስጽፈው ስጽፈው ግን... ፍርሃቱ ለቀቀኝ።"

የሦስቱም ፊት በራ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ "ይህ ነው እንግዲህ" ብሎ መጻፍ ጀመረ። የሂሳብ አስተማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ዕድገት ማለት ይኸው ነው፤ መመዘኛው ሲለፍፍ የኖረው ይህን ነው። ሚስስ ክሬን ብቻ ገና ያዩዋት ነበር።

"ለቀቀሽ?" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቀና አለ። "ይቅርታ ጌታዬ፣ ወላጆች መታዘብ እንጂ መናገር አይፈቀድላቸውም።"

"ይቅርታዎን።" አርማንዶ ቆሟል። ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨምድዶታል። "አንዲት ነገር ብቻ ነው። ለቀቀሽ ወይ፣ ፊና?"

ዞር ብላ አየችው። በዕድሜዋ ይህን ሰው ፈርቶ አይታው አታውቅም፤ አሁን ፈርቷል። አዎ እንድትለው ይለምናታል፤ አፉ አይደለም፣ ፊቱ። አንዲት "አዎ" ነበረች የቀረቻት። አዎ ብትል ትመረቃለች፣ ዲፕሎማው ይሰቀላል፣ አባቷም ልቡ አርፎ ባሕር ይወጣል። ማን ይጎዳል? ማንም። እኔ ብሆን እላት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

"አለቀቀኝም፣ አባዬ" አለች።

ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። "ያን ገጽ ያኔ አይደለም የጻፍኩት። ባለፈው ወር፣ እሑድ ነው፤ እሱ ክለብ ሄዶ። ረቂቅ አልነበረኝም፣ ስለዚህ ሠራሁት። ሻዩንም እኔ ነኝ ያፈሰስኩበት።"

ምክትል ርዕሰ መምህሩ እስክሪብቶውን ጣለ። "ልጄ፣ ይህ ማጭበርበር እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"ቀኑ ውሸት ነው" አሉ ሚስስ ክሬን። "ሌላውስ?"

"ሌላው ውሸት አይደለም።"

ውጭ ጠብቁ ተባሉ። ኮሪደሩ ላይ አባትና ልጅ ሳይተያዩ ቆሙ። ከበሩ ወዲያ የምክትል ርዕሰ መምህሩ ድምፅ ከፍ ሲል ይሰማል፣ የአሮጊቷ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይመልስለታል። ደልፊና የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፋ ራሷን በዓይነ ኅሊናዋ አየች። አክስቷ ከፎል ሪቨር ለምርቃቱ ብላ ቀሚስ አሰፍታለች። ለአክስቷ ማን ይንገራት?

ሲጠሯቸው ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቆሞ ነበር የጠበቃቸው። የጽሑፉ ክፍል ወድቋል አለ። ወላጅ ባለበት ስለተናዘዘች ነገሩ ወደ ቅጣት አይሄድም፤ ከምርቃቱ በፊት ግን አንድ የመጨረሻ ዕድል ብቻ አላት፣ በሰኔ መጀመሪያ። እሱን ካላለፈች ዘንድሮ መመረቅ የለም።

"በምን ልቅረብ?" አለች ደልፊና። "ረቂቅ እኮ የለኝም።"

ሚስስ ክሬን በሻይ የቆሸሸችውን ወረቀት አነሡና ዘረጉላት። "ይኸው። ይህ የዚያኛው ረቂቅ አይደለም፤ የራሱ ነው። ትክክለኛውን ቀን ጻፊበትና ጨርሺው።"

ከዚያ የባሰ ነገር ሊሏት አይችሉም ነበር። ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችው።

መኪናው ውስጥ አርማንዶ ቁልፉን አላዞረም። ነፋሱ መስኮቱን ይገፋል።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ትተወው ነበር?"

ዋሽቶ ሊያጽናናት ይችል ነበር። "አልተወውም" አለ። "ሌላ ምን አውቃለሁ?"

"እንግዲያማ።"

አርማንዶ ቁልፉን አዞረ።

ቀናት አለፉ፣ ደልፊና አንዲት መስመር መጻፍ አቃታት። ባሕሩን እወደዋለሁ ብሎ መጻፍ ቀላል ነበር። ይህኛውን አሳምሮ መጻፍ ግን ሟርት መሰላት፤ ጥሩ አድርጋ ከጻፈችው የሚሆን መሰላት። ቅዳሜ ከሰዓት ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ እርሳሷን ይዛ አፍጥጣ ሳለ አባቷ ገባ። እጁን ታጠበ፣ አደረቀ፣ ወንበር ሳበ።

"ስጪኝ እስቲ።"

"አባዬ፣ ሰምተኸዋል እኮ።"

"ያነበበችው ሴትዮዋ ናት። እኔ አላነበብኩትም።"

ቀስ ብሎ፣ ጣቱን ከመስመር መስመር እየሳበ አነበበ። ዠርማኖ የሚለው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ፣ ከዚያ አለፈ። ገጹን ሲጨርስ ፊቱን አኮሳተረ።

"ስህተት አለው" አለ።

"የቱ ጋ?"

"'በየቀኑ' ትያለሽ፣ ያውም ሁለት ጊዜ። እሑድ አልወጣም እኮ። ነፋስ ሲኖርም አልወጣም። ሰው ቢያነበው እብድ ነኝ ሊል ነው።"

ደልፊና ሳቋ መጣ፣ ሳቁ መሐል ላይ ተጣሞ ለቅሶ ሆነ። እሱ እርሳሱን ከእጇ ወስዶ ሁለተኛዋን "በየቀኑ" ሰረዛት፣ በዚያ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በሚመስል ጽሕፈቱ "ከእሑድ በቀር" ብሎ ጻፈ። ሊያስቀምጠው ነበር፣ አላስቀመጠውም። "አይመለስም እላለሁ" ከሚለው ጎን፣ ጠርዙ ላይ፣ አንዲት ቃል ጨመረ። ከዚያ ተነሥቶ መቧጠጫውን ሊጠግን ወጣ።

ጠርዙ ላይ የጻፈው "እኔም" ይላል።

በሰኔው ምርመራ ቀን ባሕሩ ጠዋት ጸጥ ብሎ ስለነበር አርማንዶ ሥራ ወጥቶ ነበር። ደልፊና ብቻዋን ቆመች። አዲሱን ጽሑፍ ለሦስቱም ራሷ አነበበችው፤ ሁለቴ ድምፏ ተቆረጠ፣ ሁለቴም ቀጠለች። ስታነብ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። መሐሉ ላይ የትምህርት ቤቱ ባንዲራ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ስትጨርስ ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ ነበር።

ሚስስ ክሬን ረቂቁን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። "ይህ የማን ጽሕፈት ነው?"

"የአባቴ።"

"በመጨረሻው ጽሑፍ ላይም 'እኔም' የሚለውን ቃሉን አስገብተሽዋል። አልበዛም?"

"አልበዛም" አለች ደልፊና፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ፈረመ፣ የሂሳብ አስተማሪው ፈረመ፣ አሮጊቷም ፈረሙ። አልፈሻል፣ እንኳን ደስ አለሽ ብለው እጃቸውን ሲዘረጉላት ይቅርታ ጠይቃ ቦርሳዋን አነሣች። ነፋሱ በርትቶ ስለነበር ወደ ጀልባ ማረፊያው ሮጠች።